ከአንድ ቤት ሁለት ስቅላት

በ1970 አንድ የፊልም ቡድን ካሜራና መብራቱን ጭኖ ምዕራብ ለንደን፣ ኖቲንግ ሂል ውስጥ ወዳለች አንዲት አጭር መንገድ ገባ። መንገዷ መውጫ የላትም። ግራና ቀኟን ተያይዘው የተሠሩ ያረጁ ቤቶች ይዘውታል፤ ጫፏን ግንብ ይዘጋታል፤ ከግንቡ ጀርባ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ቆሟል። በዚያን ጊዜ ስሟ ረስተን ክሎዝ ነበር። የቀድሞ ስሟ፣ ሪሊንግተን ፕሌስ፣ በ1953 የአገሩን ጋዜጦች ሁሉ ካጥለቀለቀ በኋላ ሰው አድራሻዬ ነው ለማለት የሚያፍርበት ስለሆነ በ1954 ተቀይሯል። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካዊው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፍላይሸር ፊልሙን ወንጀሉ በተፈጸመበት በቁጥር 10 ሊቀርጽ ፈልጎ ነበር። ነገር ግን ቤቱ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ሦስት ቤተሰቦች ለጊዜውም ቢሆን አንለቅም አሉ። ቀረጻው በዚያው ረድፍ ወዳለ ሌላ ቤት ዞረ። ሥራው ካለቀ በኋላ መንገዱ ከነቤቶቹ ፈረሰ፤ ዛሬ ቦታውን ያየ ሰው የድሮውን መንደር ሊገምት አይችልም።

ፊልሙ ውስጥ አንድ ሰው የሚሰቀልበት ትዕይንት አለ። እንግሊዝ ውስጥ ስቅላት ከእስር ቤት ግንብ ውጭ መታየት ያቆመው በ1868 ስለነበረ፣ ነገሩ እንዴት እንደሚፈጸም በዓይኑ ያየ ሰው ጥቂት ነው፤ ያዩትም ምስጢር ለመጠበቅ የፈረሙ ናቸው። ፍላይሸር ግን የሚያውቅ ሰው አገኘ። ሥራውን ከለቀቀ 14 ዓመት የሆነው አልበርት ፒየርፖይንት፣ ፊልሙ ላይ ስሙ ሳይጻፍ፣ አማካሪ ሆነ። ፒየርፖይንት ስለ ስቅላት ብቻ አልነበረም የሚያውቀው። ተዋናዩ ጆን ኸርት የሚጫወተውን ወጣት፣ ጢሞቲ ኢቫንስን፣ በ1950 የሰቀለው እሱ ራሱ ነው። ሪቻርድ አተንቦሮ የሚጫወተውን ጆን ክሪስቲንም በ1953 የሰቀለው እሱ ነው። ሁለቱ የአንድ ቤት ነዋሪዎች ነበሩ፤ የተሰቀሉትም በአንድ እስር ቤት ነው።

በ1971 የወጣው “10 ሪሊንግተን ፕሌስ” የወንጀል ፊልም ነው፤ ተመልካቹን ሰቅዞ ይይዛል። ገዳዩ ማን እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ አይደብቅም። የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው፦ ያልገደለው ሰው ወደ መስቀያው ሲሄድ ማየት። እዚያ ሲደርስ ደግሞ ንግግር እምብዛም የለም። በር ይከፈታል፣ ሰዎች ይገባሉ፣ እጅ ይታሰራል፣ ወለሉ ይከፈታል። ተመልካቹ ገና ነገሩን ሳይጨብጥ አልቋል። ይህ ፍጥነት የዳይሬክተሩ ፈጠራ አይደለም። የእንግሊዝ ሰቃዮች መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲያሻሽሉት የኖሩት ሙያ ነው።

ሙያው የተጀመረው በጭራሽ እንዲህ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዝ ሕግ ሞት የሚያስፈርዱ ወንጀሎች ከ200 ይበልጡ ነበር፤ ስቅላቱም የሕዝብ ትርኢት ነበር። ከ1829 እስከ 1874 ዋናው ሰቃይ ዊልያም ካልክራፍት የሚባል ጫማ ሰፊ ነበር። የካልክራፍት ገመድ አጭር ነው፤ ሰውየው ጥቂት ይወርድና ይንጠለጠላል፤ አንገቱ ስለማይሰበር ታንቆ እስኪሞት ደቂቃዎች ያልፋሉ። ካልክራፍት አንዳንዴ ከሥር ሆኖ እግር ይጎትታል፣ አንዳንዴም ጀርባ ላይ ይንጠለጠላል። ኒውጌት እስር ቤት ደጃፍ በሜይ 26 ቀን 1868 ማይክል ባሬት የተሰኘውን አየርላንዳዊ ሲሰቅል፣ በአደባባይ የተሰቀለው የመጨረሻው ሰው ያ ሆነ።

ለውጡን ያመጣው ሌላ ጫማ ሰፊ ነው። ዊልያም ማርዉድ የሊንከንሸር ሰው ነው፤ ዕድሜው ከ50 አልፎ ሰው ሰቅሎ አያውቅም፤ ነገር ግን ስለ ስቅላት ያነብባል፣ ያሰላል። ሰውየው እንደ ክብደቱ ረዘም ያለ ርቀት ቢወድቅ አንገቱ ወዲያው ይሰበራል የሚለውን ሐሳብ፣ በአየርላንድ ሳሙኤል ሆተን የሚባል ሐኪም በ1866 ጽፎት ነበር። ማርዉድ ሊንከን እስር ቤትን አሳምኖ በ1872 ሞከረው፤ ሠራም። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ስቅላት የሒሳብ ጉዳይ ሆነ።

ሒሳቡ ሲበላሽ ግን አበላሹ ለጉድ ነበር። ከማርዉድ በኋላ ሥራውን የያዘው የቀድሞ ፖሊስ ጄምስ ቤሪ በ1885 አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መዓት ገጠመው። በፌብሩዋሪ፣ ኤክሰተር እስር ቤት፣ ጆን ሊ የሚባል እስረኛ ወለሉ ላይ ቆሞ እጀታው ሲሳብ ወለሉ አልከፈት አለ። ፈትሸው መለሱት፤ አልተከፈተም። ለሦስተኛ ጊዜም አልተከፈተም። ሊ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ቅጣቱ ወደ እስራት ተቀየረለት፤ 22 ዓመት ታስሮም ወጣ። በኖቬምበር ደግሞ ኖርዊች ላይ ሮበርት ጉዴል የሚባለው ከባድ ሰው ሲወድቅ ገመዱ አንገቱን ቆረጠው። መንግሥት ደነገጠ። በ1886 በሎርድ አበርዴር የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴው በ1888 ሪፖርቱን ሲያቀርብ ስቅላት የመንግሥት ሠንጠረዥ ወጣለት። ቤሪ ሥራውን ትቶ ሰባኪ ሆነ፤ የሞት ቅጣትንም ሲቃወም ኖረ። እንዲህ ያሉ ሰዎች በዚህ ሙያ ውስጥ ደጋግመው ይመጣሉ።

እስከ መጨረሻው የሠራው የ1913 ሠንጠረዥ ሒሳቡ ለማንም ይገባል። 1000 ለሰውየው ክብደት በፓውንድ ይካፈላል፤ የሚመጣው ቁጥር የሚወድቅበት ርቀት ነው፣ በጫማ። 160 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 72 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 6 ጫማ ከ3 ኢንች ይወድቃል፤ በእኛ ልክ 1 ሜትር ከ90 ያህል ነው። ወፍራም አንገት ላለው ትንሽ ይጨመራል። ገመዱ የጣሊያን ቃጫ ነው። በጥንቱ ቋጠሮ ፈንታ ጫፉ ላይ የናስ ቀለበት አለው፤ አንገት የሚነካው ክፍል በለስላሳ ቆዳ ተለብጧል። ገመዱ፣ ማሰሪያው፣ ነጩ የራስ ከረጢትና መለኪያው አንድ ሣጥን ውስጥ ተከትተው ስቅላት ወዳለበት እስር ቤት በባቡር ይላኩ ነበር።

ሰቃዩ ከነረዳቱ እስር ቤቱ የሚደርሰው በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነው። በማግስቱ የሚሰቅለውን ሰው በበሩ ቀዳዳ አጮልቆ ያየዋል፤ ቁመቱን፣ ትከሻውን፣ አንገቱን። እስረኛው ከጠባቂዎቹ ጋር ካርታ ወይም ዶሚኖ ይጫወት ይሆናል፤ እየታየ መሆኑን አያውቅም። ከዚያ የእስረኛውን ክብደት የሚያህል አሸዋ የተሞላ ከረጢት ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል፤ ገመዱ ሌሊቱን ተስቦ ማለቅ አለበትና። ጧት ልኩ እንደገና ይስተካከላል፤ እስረኛው እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ ይሰመራል።

የሞት ፍርደኛው ክፍል ውስጥ አንድ የልብስ ቁም ሣጥን አለ። ፍርደኛው ሦስት ሳምንት ያህል አጠገቡ ሲተኛ፣ ሲነሣ፣ ሲበላ ይኖራል። በመጨረሻዋ ጧት፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን (እነሱ ዘጠኝ የሚሉት ነው)፣ ሰቃዩ ገብቶ እጁን ወደ ኋላ ሲያስረው ቁም ሣጥኑ ወደ ጎን ይገፋል፤ ከኋላው በር ነበር። መስቀያው እዚያው ጎን ነው፤ ጥቂት እርምጃ ብቻ። ረዳቱ እግሩን ሲያስር ሰቃዩ ከረጢቱን ያጠልቅለታል፣ ሸምቀቆውን ያስገባል፣ ፒኑን ነቅሎ እጀታውን ይገፋል። ብዙውን ጊዜ ከክፍሉ በር መከፈት እስከ ወለሉ መከፈት ከ20 ሰከንድ አይበልጥም። በሜይ 1951 ፒየርፖይንት ማንቸስተር ውስጥ ጄምስ ኢንግሊስን በሰባት ሰከንድ ጨርሷል። ቁም ሣጥኑን ያሰበው ሰው ማን እንደነበረ ለማወቅ ያጓጓል። እስረኛው እንዳይጨነቅ ተብሎ የተደረገ ነው፤ ሆኖም ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ የቤት ዕቃ ማሰብ ይከብዳል።

ይህ ሙያ በፒየርፖይንት ቤት ርስት ነበር። አባትየው ሄንሪ በ1901 ገባ። በ1910 ቼልምስፎርድ እስር ቤት ሰክሮ ደርሶ ረዳቱን ጆን ኤሊስን ስለደበደበ ተባረረ። ኤሊስ በተራው ዋና ሰቃይ ሆኖ በ1924 ለቀቀ፤ በ1932 ራሱን አጠፋ። የሄንሪ ወንድም ቶማስ ግን 40 ዓመት ያህል ሠርቷል። ትንሹ አልበርት የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ውስጥ “ስታድግ ምን ትሆናለህ?” ተብሎ ድርሰት ሲታዘዝ፣ እንደ አባቱና እንደ አጎቱ የመንግሥት ሰቃይ መሆን እንደሚፈልግ ጻፈ። የጻፈውንም አደረገ። በ1932 ፔንተንቪል እስር ቤት አንድ ሳምንት ሠለጠነ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደብሊን ላይ የአጎቱ ረዳት ሆኖ ጀመረ።

የዘወትር ኑሮው ሌላ ነበር። ሰቃይ ደመወዝተኛ አይደለም፤ በቁራጭ ነው የሚከፈለው። አልበርት የሸቀጣ ሸቀጥ አከፋፋይ ቤት ተቀጥሮ በጋሪ፣ ኋላም በመኪና ዕቃ ያደርስ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በብሪታንያ ጦር ሥር ሐመልን በምትባለው የጀርመን ከተማ ወደ 200 የሚጠጉ የጦር ወንጀለኞችን ሰቀለ፤ በዲሴምበር 13 ቀን 1945 በአንድ ቀን 13 ሰው። ከእነዚህም የቤልሰን ማጎሪያ አዛዥ የነበረው ዮሴፍ ክራመር ይገኝበታል። ጋዜጦች ጀግና አደረጉት። በ1946 በማንቸስተርና በኦልድሃም መካከል “ሄልፕ ዘ ፑር ስትራግለር” የሚባል መጠጥ ቤት ገዛ፤ ትርጉሙ “ኑሮ ያንገላታውን ድሃ እርዱ” ነው። ሰው ቢራ ሊጠጣም፣ ሰቃዩን ሊያይም ይመጣ ነበር።

በማርች 9 ቀን 1950 ፒየርፖይንት ፔንተንቪል የተገኘው የ25 ዓመቱን ጢሞቲ ኢቫንስን ለመስቀል ነው። ረዳቱ ሲድ ደርንሊ የሚባል የከሰል ማዕድን በያጅ ነበር።

ኢቫንስ ከዌልስ የማዕድን ሸለቆ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ልጅነቱን በሕመም ስላሳለፈ በደንብ አያነብም፣ አይጽፍም። ሲጠጣ ያወራል፣ ሲያወራ ይዋሻል፤ የምታውቀው እናቱም ይህን አልካደችም። በ1948 ከሚስቱ ከቤሪል ጋር የሪሊንግተን ፕሌስ ቁጥር 10ን የላይኛውን ፎቅ ተከራየ፤ በዚያው ዓመት ሴት ልጅ ወለዱ፣ ጄራልዲን። ምድር ቤት የሚኖረው ጆን ክሪስቲ ዕድሜው ወደ 50 የሚጠጋ፣ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። በጦርነቱ ጊዜ የተጠባባቂ ፖሊስ ሆኖ አገልግሏል። ቀድሞ በስርቆትና በድብደባ ታስሮ እንደነበር ያጣራለት አልነበረም። በቤቱ ጓሮ በ1943 እና በ1944 የገደላቸውን ሁለት ሴቶች እንደቀበረም ማንም አያውቅም።

በኖቬምበር 1949 ቤሪል እንደገና እርጉዝ ነበረች፤ ልጁን ማስወረድ ፈለገች። ክሪስቲ እኔ አውቅበታለሁ አለ። ከዚያ በኋላ ቤሪልን ሕያው ሆና ያያት የለም፤ ጄራልዲንም ጠፋች። ኢቫንስ ወደ ዌልስ ሄደ፤ በወሩ መጨረሻም ሜርተር ቲድቪል ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ሚስቴን ፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩ አለ። ለንደን ያሉ ፖሊሶች ጉድጓዱን ለመክፈት ለሦስት ሆነው ክዳኑን አነሡ፤ ውስጡ ባዶ ነው። ቃሉን ቀይሮ ክሪስቲ ነው አለ። በኋላ ቤቱ ሲፈተሽ የእናትና የልጅ ሬሳ ከጓሮው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተገኘ። ልብሳቸውን ሲያሳዩት ደግሞ ሁለቱንም እኔ ነኝ አለ። ወዲያው ይህንንም ካደ፤ እናቱ ልትጠይቀው ስትመጣ ክሪስቲ ነው አላት፤ እስኪሰቀልም ከዚህ ቃል አልወጣም።

የፖሊሶቹ ፍተሻ ሲታሰብ እስከ ዛሬ ያናድዳል። ጓሮው ውስጥ አጥሩን ደግፎ የቆመው አጥንት የሰው ጭን ነበር፤ ማንም አላስተዋለውም። በማጠቢያው ክፍል ጥገና ሲሠሩ የነበሩ ግንበኞችም በዚያ ሰሞን ሬሳ አላየንም ብለው ነበር፤ ይህ ግን ከጁሪው ጆሮ አልደረሰም። በጃንዋሪ 1950 ኦልድ ቤይሊ ላይ ችሎቱ ሦስት ቀን ቆየ። ኢቫንስ ለችሎት የቀረበው በልጁ ግድያ ብቻ ነው። የዐቃቤ ሕጉ ዋና ምስክር ክሪስቲ ነበር፤ የጦርነት ዘመን አገልግሎቱም ተነሣለት። ጁሪው 40 ደቂቃ ተማክሮ ጥፋተኛ አለ። ዐቃቤ ሕጉ ክሪስማስ ሃምፍሪስ በእንግሊዝ የቡድሃ እምነት ማኅበር መሥራች ነበር። የታሪክ አጋጣሚ አንዳንዴ ከልቦለድ ይብሳል።

ሌላም አጋጣሚ አለ። በ1948 የታችኛው ምክር ቤት ስቅላት ለአምስት ዓመት እንዲቆም ድምፅ ሰጥቶ ነበር፤ የላይኛው ምክር ቤት ጣለው። በዚያ ክርክር ላይ የወግ አጥባቂው እንደራሴ ዴቪድ ማክስዌል ፋይፍ፣ ያልገደለ ሰው በስሕተት ይሰቀላል ማለት ቅዠት ነው ብለው ተናገሩ። በ1949 የተቋቋመው የንጉሣዊ ኮሚሽንም የሞት ቅጣት መቅረት አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን እንዳይነካ ተከልክሎ፣ ማን ላይ ይፈጸም፣ በምንስ ይፈጸም የሚለውን እንዲመረምር ታዘዘ። ኮሚሽኑ የኤሌክትሪክ ወንበሩን፣ ጋዙን፣ መርፌውን ሁሉ አየ፤ ፒየርፖይንትንም ጠርቶ ሰማ። ከሁሉም ስቅላት ይሻላል አለ። ኢቫንስ የተሰቀለው ኮሚሽኑ ይህን ሲመረምር ነው። ስለ ሰከንዱ፣ ስለ ኢንቹ፣ ስለ ገመዱ የሚጠይቅ አካል ነበረ፤ የ40 ደቂቃውን ውሳኔ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ይግባኙ ተጣለ፣ ምሕረት ተከለከለ፣ የቀረውን ሠንጠረዡ ጨረሰው።

በኖቬምበር 1950 ፒየርፖይንት ማንቸስተር ውስጥ የሰቀለው ሰው የመጠጥ ቤቱ ደንበኛ ነበር። ጄምስ ኮርቢት የሚባል ነው፤ የሴት ጓደኛውን ገድሎ ተፈረደበት። ቅዳሜ ማታ አብረው ዘፍነው ያውቃሉ፤ እርስ በርስ “ቲሽ” እና “ቶሽ” ይባባሉ ነበር። በመጨረሻዋ ጧትም በዚሁ ስም ሰላም ተባባሉ። ፒየርፖይንት በ1974 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ይህችን ጧት አንሥቶ፣ የእሱን ሙያ ከማንም ይልቅ ቀርቦ የሚያውቀው ኮርቢት እንኳ ከመግደል እንዳልተመለሰ ጽፏል።

በማርች 24 ቀን 1953 የቁጥር 10 ነዋሪ፣ ቤሬስፎርድ ብራውን የተባለ የጃማይካ ተወላጅ፣ ምድር ቤት ባለው ኩሽና ሬዲዮውን የሚያስቀምጥበት ደጋፊ ሊመታ ግድግዳውን አንኳኳ። ድምፁ ባዶ ነገር ላይ የመታ መሰለው። የግድግዳውን ወረቀት ልጦ በመብራት ሲያይ፣ የሴት ጀርባ ነበር። ከተደበቀው ጓዳ ሦስት ሬሳ ወጣ፤ ከሳሎኑ ወለል ሥር የክሪስቲ ሚስት፣ ኢተል፤ ከጓሮው የጥንቶቹ ሁለት ሴቶች አጥንት። ክሪስቲ ቤቱን ለቆ ከሄደ ቀናት ሆኖት ነበር። ከሳምንት በኋላ በፑትኒ ድልድይ አጠገብ አንድ ተራ ፖሊስ ያዘው። ቤሪልን እኔ ነኝ የገደልኳት አለ፤ ሕፃኗን ግን እስከ መጨረሻ አላመነም።

በዚህ ጊዜ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማክስዌል ፋይፍ ነበሩ፤ ቅዠት ያሉት ሰው ራሳቸው። ስኮት ሄንደርሰን የሚባሉ ጠበቃ ጉዳዩን እንዲያጣሩ አዘዙ። አጣሪው በሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ጨርሰው፣ ኢቫንስ ሁለቱንም ገድሏል፣ ክሪስቲ ቤሪልን ገደልኩ ያለው ውሸቱን ነው ብለው ጻፉ። በዚህ መሠረት፣ አንድ ቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ ሴት የሚያንቁ ሁለት ገዳዮች ይኖሩ ነበር ማለት ነው። ክሪስቲ በጁላይ 15 ተሰቀለ፤ ፔንተንቪል፣ ፒየርፖይንት። እጁ ከታሰረ በኋላ ክሪስቲ አፍንጫዬ አሳከከኝ ሲል ሰቃዩ ብዙ አያስቸግርህም አለው ተብሎ ይነገራል።

የኢቫንስን ስቅላት ፈርመው ያጸደቁት የዚያን ጊዜው ሚኒስትር ቹተር ኢድ ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው ሆኑ። በ1955 ምክር ቤት ቆመው ስሕተት እንደተሠራ ተናገሩ፤ ስቅላት እንዲቀርም ድምፅ ሰጡ። ሁለት ሌሎች ስሞችም ተጨመሩ። በጃንዋሪ 1953 የ19 ዓመቱ ዴሪክ ቤንትሊ፣ ጓደኛው በተኮሰው ጥይት ፖሊስ ስለሞተ ተሰቀለ፤ ፍርዱ የተሻረው በ1998 ነው። በጁላይ 1955 ሩት ኤሊስ ተሰቀለች፤ የመጨረሻዋ ሴት። ሁለቱንም የሰቀላቸው ፒየርፖይንት ነው።

እሱ ግን ሥራውን የለቀቀው በኅሊና ወቀሳ ሳይሆን በገንዘብ ነው። በጃንዋሪ 1956 በበረዶ መኪናውን ነድቶ ማንቸስተር እስር ቤት ደረሰ፤ መጠጥ ቤቱን የሚይዝለት ሰው ቀጥሯል። ፍርደኛው በመጨረሻው ሰዓት ምሕረት አገኘ፤ ፒየርፖይንትም ሆቴል አደረ። የተለመደውን 15 ፓውንድ ሲጠብቅ፣ ለወጪህ ተብሎ 1 ፓውንድ ሰጡት። ደብዳቤ ተጻጻፉ፣ አልተስማሙም፤ ለቀቀ። ከ400 በላይ ሰው የሰቀለ ሰው የሒሳብ ጠብ ይዞት ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። የ1957ቱ ሕግ ስቅላትን ለጥቂት ዓይነት ግድያዎች ብቻ ወሰነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዎች በኦገስት 13 ቀን 1964 በአንድ ሰዓት፣ አንዱ ሊቨርፑል አንዱ ማንቸስተር፣ ተሰቀሉ። በ1965 ሲድኒ ሲልቨርማን ያቀረቡት ሕግ በግድያ ወንጀል ስቅላትን ለአምስት ዓመት አገደ፤ በዲሴምበር 1969 እገዳው ለዘለቄታው ጸደቀ።

ፊልሙ የተሠራው በዚህ ሰሞን ነው። ስቅላት ይመለስ የሚለው ድምፅ ገና ጠንካራ ነበር። ታሪኩ የተወሰደው ጋዜጠኛው ሉዶቪክ ኬኔዲ በ1961 ካሳተመው መጽሐፍ ነው፤ ስክሪፕቱን የጻፈው ክላይቭ ኤክስተን። ፍላይሸር ለጉዳዩ እንግዳ አልነበረም፤ በ1959 የሠራው “ኮምፐልሽን” ኦርሰን ዌልስን ጠበቃ አድርጎ የሞት ቅጣትን በመቃወም ይሟገታል። አተንቦሮ የክሪስቲን ገጸ ባሕርይ መጫወት እንደሚያንገፈግፈው፣ ነገር ግን የሞት ቅጣትን ስለሚቃወም ወዲያው እንደተቀበለው ተናግሯል። ሁለቱ ፊልሞች ግን ለየቅል ናቸው። “ኮምፐልሽን” ውስጥ ጠበቃው ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ “10 ሪሊንግተን ፕሌስ” ውስጥ ስለ ሞት ቅጣት የሚሰብክ ሰው የለም። ጆን ኸርት ነገር የማይገባው፣ ዓይኑ የሚቅበዘበዝ ሰው ሆኖ ያወራል፣ ይዋሻል፣ ያለቅሳል። ፊልሙን ከብዙ መሰሎቹ የሚያስበልጠው ይኸው ነው፤ ኢቫንስን ቅዱስ ሊያደርገው አይሞክርም።

ፒየርፖይንት ከሦስት ዓመት በኋላ በመጽሐፉ፣ የሰቀላቸው ሁሉ አንድም ግድያ እንዳላስቀሩ፣ የሞት ቅጣት ከበቀል በቀር ምንም እንዳልፈየደ ጻፈ። ቤሪ ሰባኪ ከሆነ ብዙ ዓመት ቢያልፍም፣ ነገሩ ዞሮ እዚያው ነው። በኋላ በሰጠው ቃል ግን መልሶ መላልሷል፤ የሚለውን ማመን የሚከብድ ሰው ነበር። በ1992 ሞተ።

የኢቫንስ ጉዳይ በምርመራ ብዛት አልጠራም። በ1966 ዳኛ ብራቢን ያቀረቡት ሁለተኛ ሪፖርት፣ ኢቫንስ ሚስቱን ሳይገድል አይቀርም፣ ልጁን ግን ሳይገድል የቀረ ይመስላል አለ። የተሰቀለው በልጁ ግድያ ነበርና በኦክቶበር 1966 ንግሥቲቱ ይቅርታ ሰጡት። አስከሬኑ አስቀድሞ ከእስር ቤቱ ግቢ ወጥቶ በካቶሊክ መቃብር አርፏል። ጸሐፊዎቹም አልተስማሙም፤ ማይክል ኤዶውስ በ1955 ኢቫንስ ንጹሕ ነው ብሎ መጽሐፍ ጻፈ፣ በ1994 ደግሞ የገዛ ልጁ ጆን፣ ኢቫንስ ጥፋተኛ ነው የሚል መጽሐፍ አወጣ።

በ2003 መንግሥት ለኢቫንስ እኅቶች ካሣ ከፈለ፤ ካሣውን የመደቡት ሎርድ ብሬናን ፍርዱም ስቅላቱም ስሕተት እንደነበር ጻፉ። ቤተሰቡ ግን ከይቅርታ ሌላ ነገር ፈለገ፤ ይቅርታ የሚሰጠው ለጥፋተኛ ነው፣ ፍርዱ ይሻርልን አለ። በኖቬምበር 2004 ጉዳዩን ያዩት የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኞች ኢቫንስ ሚስቱንም ልጁንም አለመግደሉን ተቀበሉ። ጉዳዩን ወደ ይግባኝ ሰሚው ችሎት መልሶ ፍርዱን ለማሻር የሚወጣው ጊዜና ገንዘብ ግን ከሚገኘው ጥቅም ጋር አይመጣጠንም ሲሉ የቤተሰቡን አቤቱታ ሳይቀበሉት ቀሩ። በጃንዋሪ 1950 የተሰጠው ፍርድ በዚያ ቀንም ሳይሻር በመዝገብ ላይ ቆየ።